ማክሰኞና ቅዳሜ

ቲቸር ዘነበች መሞቷን የነገረኝ ፎቶዋ ነው። ሲቀላ ሰፈር በምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ጠዋት ማሽኑን እያሞቅኩ ሳለ አንድ ቡሉኮ የለበሱ ሽማግሌ ገቡና ከደረት ኪሳቸው ጉርድ ፎቶ አወጡ።

"ይሄ ይተልቃል?" አሉኝ።

ጉርድ ፎቶ ይዞ "በትልቁ አድርጉልኝ" የሚል ሽማግሌ ምን እንደሚፈልግ እኛ ቤት የሚሠራ ሰው አይጠይቅም። ለለቅሶ ቤት ነው። ተቀብዬ ሳየው ግን እሷ ናት። ያው አንገቷን ትንሽ ዘንበል አድርጋ፣ ልትስቅ ስትል ፎቶ አንሺው እንዳስቆማት።

"ቲቸር ዘነበች?"

"ታውቂያታለሽ?" አሉኝ። ባለቤቷ ናቸው። "ትናንት ጨንቻ ቀበርናት። ጨጓራ ነው ስትል ከርማ፣ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ድንኳን ውስጥ የሚቆም ፎቶ የላትም። ያለችን ይቺ ብቻ ናት።"

ከመጀመሪያው ልናገረውና ይውጣልኝ። ይቺ ሴት ከምትወደው ሥራ የተነሳችው በእኔ ጥፋት ነው። ሳልነግራት ሞተች። ስለ እኔ ብዙ የሚባል ነገር የለም፤ አሥራ ሁለተኛ ጨረስኩ፣ ነጥብ አልመጣልኝም፣ አሁን የሰው ወረቀት ላሚኔት አደርጋለሁ። የምጽፈው ስለ እሷ ነው።

ዘነበች አስተማሪ አልነበረችም። የትምህርት ቤታችን የላይብረሪ ሠራተኛ ነበረች። መጽሐፍ ታውሳለች፣ መልሳ ትቀበላለች፣ የተቀደደ ትለጥፋለች። እሷ ራሷ የተማረችው እስከ አሥረኛ ክፍል ነው። "ቲቸር" ያልናት እኛ ነን። ምክትል ዳይሬክተሩ በሰልፍ ላይ ሳይቀር "የላይብረሪዋ ሠራተኛ ቲቸር አይደለችም" ብሎ አርሞናል፤ አልታረምንም። አማርኛን የለመደችው አድጋ ስለሆነ ለሴቱም ለወንዱም "ና" ነው የምትለው። መጀመሪያ የጠራችኝ ቀን "አንተ ቀጭን፣ ና" ስትል የትኛውን ልጅ ነው ብዬ ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ማንም የለም። በኋላ ስም አወጣችልኝ፤ "ባጃጅ"። አንድ ቦታ አልቀመጥም፣ የጀመርኩትን ሳልጨርስ እታጠፋለሁ፣ የሰማሁትን ሁሉ ጭኜ እሮጣለሁ። ስሙ ልክ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ዘጠነኛ ክፍል ሳለን ነው። አንዲት የክፍላችን ልጅ ዩኒፎርሟ በወር አበባ ተበላሽቶባት ወንዶቹ ሲስቁባት ሮጣ ላይብረሪ ገባች፤ የድሮ መጻሕፍት ከተደረደሩበት መደርደሪያ ኋላ ተደበቀች። እኔም ተከትያት ገባሁ። ዘነበች ነጠላዋን አውልቃ ልጅቷ ወገብ ላይ አሰረችላት። ከዚያ በሩን ገርበብ አድርጋ ለተሰበሰቡት ወንዶች "ቆጠራ ላይ ነን፣ ዝግ ነው" አለቻቸው። የመጽሐፍ ቆጠራ ማለቷ ነው። ከውስጥ ከቆለፈች በኋላ ልጅቷን "ይሄ መጀመሪያህ ነው?" ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷ ልትሞት የደረሰች መስሏት ነበር። እውነቴን ነው፣ መምሰል ብቻ አይደለም፣ አምና ነበር። ማንም አልነገራትማ።

እኔስ ማን ነገረኝ? እናቴ ስለ ሰውነቴ የነገረችኝ አንድ ቃል ብቻ ነው፤ "ተጠንቀቂ"። ከምን? ከመኪና ነው፣ ከወባ ነው፣ ከወንድ ነው፣ አትልም።

ከዚያ ቀን በኋላ ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት ላይብረሪ በር ላይ "ቆጠራ ላይ ነን" የሚል ካርቶን ይሰቀል ጀመር። ሴቶች ብቻ ነን የምንገባው። ጠረጴዛው ላይ ክዳኑ የተሰነጠቀ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ አለ፤ ጥያቄ ጽፈን እንከታለን። "ስም አትጻፉ" ትላለች። "የሁላችሁንም የእጅ ጽሑፍ አውቃለሁ፤ ግን እንዳላወቀ ሰው እሆናለሁ።" አንዷ ወንድ እጇን ቢጨብጣት ማርገዝ ይቻል እንደሆነ ትጠይቃለች። አንዷ አጎቷ በር ሳያንኳኳ እንደሚገባና ምን ማድረግ እንዳለባት ትጠይቃለች። ዘነበች ሁሉንም በአንድ ዓይነት ድምፅ ነው የምታነበው። የምትስቅ ካለች ቀና ብላ ታያትና "ጥያቄ አያስረግዝም" ትላለች። ያቺን የአጎቷን ጥያቄ ያነበበች ቀን ግን ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተች፤ ትምህርቱ ሲያልቅ አንዲትን ልጅ "መጽሐፍ አልመለስክም" ብላ አስቀረቻት። ልጅቷ መጽሐፍ ተውሳ አታውቅም። ያቺ ልጅ በሁለተኛው ሳምንት አክስቷ ቤት ገባች።

ስታስብ የላይብረሪውን ቁልፍ ክር ጣቷ ላይ ትጠመጥማለች። መልሱ ሲመጣላት ትፈታዋለች። የማታውቀው ሲመጣ ደግሞ እንደታሰረ ትተወውና "ይሄን አላውቅም፣ ጠይቄ እመጣለሁ" ትላለች። እውነትም ትጠይቃለች። ሐሙስ ሐሙስ በምሳ ሰዓት ጤና ጣቢያ ሄዳ ነርሷን ታናግራለች፤ መልሱን በደብተር ጽፋ ትመጣለች። "አላውቅም" ያለ አስተማሪ ከእሷ ሌላ አላጋጠመኝም።

አሁን ወደ ገበያው ልምጣ።

አንድ ረቡዕ ከቆርቆሮው የወጣው ጥያቄ፣ ሴት ልጅ የምታረግዝበት ቀን ከወር ውስጥ የቱ ነው የሚል ነበር። ዘነበች ቀኖቹን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፈች። ከዚያ አጠፋችው።

"ካላንደር ላይ ምልክት ካደረግህ ወንድምህ ያያል" አለች። "ስልክ ላይ ከጻፍህ ደግሞ ስልኩ የማን ነው? ገበያን ግን ማንም አይደመስስብህም። እኔ በገበያ ነው የምቆጥረው፤ እናቴም እንደዚያ ነበር። ደም ያየህበትን ቀን ያዝ። ሁለት ገበያ ሲያልፍ አደገኛው ጊዜ ገባ በል። ስድስተኛው ገበያ እስኪያልፍ አይወጣም። ገበያ ማለት የጨንቻ ገበያ ነው፤ ማክሰኞና ቅዳሜ።"

"ማክሰኞና ቅዳሜ" ስትል በቁልፉ ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ መታች። ሁልጊዜ ይሄን ቆጠራ ስታነሳ እንደዚያ ታደርጋለች። ቀጥላም "ይሄ ሰውነታችሁን እንድታውቁ ነው እንጂ አጥር አይደለም። ልባችሁ ወደ ወንድ ከሄደ እኔን አትጠይቁ፣ ጤና ጣቢያ ሂዱ" ትላለች። ሁሉንም ሰማሁ። ሁሉንም የሰማሁ መስሎኝ ነበር።

ብዙነሽ የቅርብ ጓደኛዬ ነበረች። አገሯ ከካምባ ወዲያ ነው። ለትምህርት መጥታ በእኛ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። አሥራ አንደኛ ክፍል ብትሆንም ትምህርት ዘግይታ ስለጀመረች ዕድሜዋ አሥራ ዘጠኝ ነው። አባቷ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። የረቡዑ ቆጠራ ላይ አንድም ቀን መጥታ አታውቅም፤ የአገሯ ልጆች ያዩኝና ለአባቴ ይነግሩብኛል ትላለች። አንድ እሑድ ኩልፎ ወንዝ ልብስ እያጠብን ሳለ ድንገት ጠየቀችኝ።

"እዚያ ላይብረሪ ዘግታ ምንድን ነው የምትነግራችሁ?"

"ሁሉን ነገር።"

"ሁሉን ማለት?"

"ለምን አትመጪም ታዲያ? ፈሪ።"

"ንገሪኝ ባክሽ። አንቺ እንደሆንሽ መናገር አይሰለችሽም።"

ደስ አለኝ። አስተማሪ ሆንኩ። "የወር አበባሽ ከመጣ በኋላ ሁለት ገበያ እስኪያልፍ ምንም ችግር የለም" አልኳት። "ከዚያ እስከ ስድስተኛው ገበያ ነው ችግሩ። ካላንደር ላይ እንዳትጽፊ ታዲያ።"

"ገበያ?"

"አዎ፣ ገበያ። ጅል ነሽ እንዴ?"

"እሺ" አለች። እኔም ወዲያው ስለ አንድ ጫማ ማውራት ጀመርኩ።

ማክሰኞና ቅዳሜ አላልኩም። አጥር አይደለም የሚለውንም አላልኩም። ጤና ጣቢያ የሚለውን ጭራሽ አላነሳሁትም። ብዙነሽ አገር ገበያ የሚቆመው በሳምንት አንዴ ነው። ቆጮውና አይቡ በመኪና የሚላክላት በገበያው ማግስት ስለሆነ፣ እሷ ገበያን የምትቆጥረው ስንቋ ሲመጣ ነው። ዘነበች ሁለት ገበያ ስትል አንድ ሳምንት ነው። ብዙነሽ ጋ ሲደርስ ሁለት ሳምንት ሆነ።

ወንድ ጓደኛ እንዳላት እንኳ አላውቅም ነበር። ማርገዟን የነገረችኝ በተከራየችው ክፍል ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነው። አልተቆጣችኝም። ያልገባት ነገር እንዳለባት ሰው እያሰበች "ሁለተኛው ገበያ እኮ ገና ነበር" አለችኝ። እዚያው ቆሜ ቆጠርኩ። ማክሰኞ፣ ቅዳሜ፣ ማክሰኞ፣ ቅዳሜ።

አባቷ መጡ። ዳይሬክተሩ ቢሮ ብዙነሽን አስጠሩ፣ ጓደኛዋ ናት ብለው እኔንም አስጠሩ። አባቷ አልጮኹም። ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ "ይሄን ማን አስተማረሽ?"

ብዙነሽ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። እኔ መስኮቱን አየሁ። መስኮቱ ላይ ምን እንደነበር ብትጠይቁኝ አላውቅም። "ላይብረሪ ነው የሚያስተምሩት" አለች። ውሸት አልተናገረችም።

ዘነበችን ጠሯት። ገብታ ብዙነሽን ስታያት ገባኝ፤ አላወቀቻትም። የእያንዳንዳችንን የእጅ ጽሑፍ የምታውቅ ሴት፣ ይቺ ልጅ አንድም ቀን ደጃፏን ረግጣ እንደማታውቅ ወዲያው ነው ያወቀችው። "እኔ ጋ መጥታ አታውቅም" ማለት ትችል ነበር። እኔን አየችኝ። የቁልፉን ክር ጣቷ ላይ ጠመጠመች።

"እኔ ነኝ ያስተማርኩት" አለች።

"በምን ሰርተፍኬት ነው የምታስተምሪው ለመሆኑ?" አለ ምክትሉ።

"ሰርተፍኬት የለኝም።"

"ፈቃድስ ማን ሰጠሽ?"

"ማንም።"

"በቃ እኮ" አለ ወደ ዳይሬክተሩ ዞሮ። "ስንት ጊዜ ተናግሬአለሁ።"

ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ክሩ ከጣቷ አልፈታ ብሏት ትንሽ ቆየ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስቶር ተመደበች፤ መጥረጊያና ጠመኔ ታወጣለች። ብዙነሽ አገሯ ተመለሰች። ትምህርቱን አልጨረሰችም። ልጁ አሁን በእግሩ ይሄዳል ብለውኛል።

ቆጠራ ቀረ፤ በምትኩ "የሥነ ተዋልዶ ጤና ክበብ" ተባለና ቲቸር ሳምሶን መጣ። ባዮሎጂ የሚያስተምር፣ ከሰሜን የመጣ ጨዋ ሰው ነው። ሐይቅ በሚያይ ሆቴል ሦስት ቀን ሠልጥኖ ሰርተፍኬት ተሰጥቶታል። ሰርተፍኬቱ ላይብረሪ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ችግሩ ፊቱን ወደ እኛ ማዞር አለመቻሉ ነው። ለሰሌዳው ነበር የሚያስተምረው። ከማንዋሉ ያነባል፣ አንገቱ ያልበዋል፣ "ይሄን ራሳችሁ ታነቡታላችሁ" ይልና ሦስት ገጽ ይዘላል። በዚያ የወተት ቆርቆሮ ውስጥ ከማስቲካ ወረቀት በቀር የሚገባ ጠፋ።

እኔ ዝም የምል ሰው አይደለሁም፤ መናገር በነበረብኝ ቀን ብቻ ነው ዝም ያልኩት። አንድ ቀን አስቆምኩት።

"ቲቸር፣ አንተ እኮ ታፍራለህ።"

"አዎ" አለኝ። እንዲህ ይላል ብዬ አልጠበቅኩም።

"ታዲያ እሷ ለምን አታስተምርም?"

"እሷ ከእኔ ትሻላለች። እናንተ ለእኔ አንድ ነገር አትነግሩኝም፣ አውቃለሁ" አለ። "ግን ማንዋሉ ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? ቆጠራው በቀን ነው፤ በገበያ አይደለም። ቀኑ ለሚዛባባት ሴት ደግሞ ጭራሽ አይሆንም ይላል። የአብዛኞቻችሁ ቀን ገና አልተስተካከለም። እሷ ይሄን አታውቅም ነበር። የማታውቀውን የምታስተምር ሴት ስትሳሳት ማን ይጠየቃል?"

ሰርተፍኬት ግዴታ ይሁን ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ አንድ ቀን ይሁን እላለሁ፣ አንድ ቀን ይቅር እላለሁ። ሳምሶን ልክ ነበር። ግን ያቺ አጎቷን የፈራች ልጅ ወረቀቷን ለሳምሶን አትጽፍም። ደግሞ የሠለጠነም ያልሠለጠነም ቢያስተምር መጨረሻ ላይ ወንዝ ዳር ልብስ እያጠበች የምታስተምረው እንደ እኔ ያለችዋ ናት። ለእኔ የሚሆን ሥልጠና የት አለ?

ባለፈው ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል ዘነበች እዚህ ፎቶ ኮፒ ቤት መጣች። ከስታ ነበር። "ባጃጅ፣ እዚህ ነው የቆምከው?" ብላ ሳቀች። ከፌስታል ውስጥ የአሥረኛ ክፍል ካርዷን አወጣች፤ ጠርዙ ተበልቷል። የሥነ ተዋልዶ ጤና ሥልጠና ሊሰጥ ነው የሚል ማስታወቂያ አይታ ልትመዘገብ ነው። ማስታወቂያውን ያተምነው እኛ ነን። ዲፕሎማ ያለው ብቻ ይላል፣ ከታች በትንሹ። አልነገርኳትም። ካርዷን ሦስት ኮፒ አደረግኩላት፤ ጥቁሩ እንዳይበዛ አድርጌ፣ በጥንቃቄ።

ኮፒዎቹን ስታጣጥፍ ቆየችና "አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለች።

"ጠይቂኝ ቲቸር።"

"ያቺ የካምባዋ ልጅ። ማን እንደነገራት አልጠይቅም። ምን ተብሎ እንደተነገራት ብቻ ባውቅ። የት ላይ እንደተበላሸ። ቤት ተቀምጬ እቆጥራለሁ፣ ልክ ይመጣል። እንደገና እቆጥራለሁ፣ ልክ ይመጣል። ሰርተፍኬቱን ባገኝ መጀመሪያ የማርመው እሱን ነው፤ ስህተቱ ካልታወቀ ግን ምኑን አርማለሁ?"

ጣቷ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ቁልፍ የለም፣ ክር የለም። በባዶው ጣቷን ታሻለች። ለመናገር አፌን ከፍቻለሁ፣ ይሄን እምላለሁ። አንድ ተማሪ ገብቶ "ፕሪንት አለ?" አለ። አለ አልኩት። ከዚያ ወደ እሷ ዞርኩ።

"አላውቅም ቲቸር" አልኳት።

"እሺ" አለች። "ካወቅህ ንገረኝ።"

ዲፕሎማ የለሽም ብለው እንደመለሷት በኋላ ሰማሁ። ካርዱን እንኳ አልተቀበሏትም።

አሁን ባለቤቷ ፊቴ ቆመዋል። ፎቶውን አተለቅኩት፤ ትንሽ ደበዘዘ፣ ግን ዓይኖቿ አሉ።

"ከሥሩ ምን ይጻፍ?" አልኳቸው።

አሰቡ። "ልጆቹ ቲቸር ነበር የሚሏት፣ አይደል?"

"አዎ።"

"ታዲያ እሱን መጻፍ ይቻላል? ወረቀት ሳይኖራት ብንጽፍ የሚጠይቀን ይኖራል?"

"ማንም አይጠይቅም አባባ" አልኳቸው። መምህርት ዘነበች ብዬ ጻፍኩ። ላሚኔት አድርጌ፣ እስኪበርድ በእጄ ይዤ ቆየሁና ሰጠኋቸው። የጨንቻ መኪና ሊሞላ ነው ብለው ቸኮሉ። በሩ ጋ ሲደርሱ ተከተልኳቸው።

"አባባ፣ ገበያው በሳምንት አንዴ ነበር።"

ዞሩ። "የቱ ገበያ ልጄ?"

"እኔ ነኝ የነገርኳት። ማክሰኞና ቅዳሜ አላልኳትም።"

እንዳልሰማ ሰው ጆሯቸውን ወደ እኔ አዘነበሉ፤ ሰምተዋል፣ ግን ቃሉ ምንም አልነገራቸውም። ትከሻዬን በእጃቸው ነካ አድርገው "እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ አንቺም ተማሪዋ ነበርሽ" አሉኝና ፎቶውን ቡሉኮው ውስጥ አድርገው ወደ መኪናው ሄዱ።

ስመለስ አንድ ሰው ጠረጴዛው ጋ ቆሞ ይጠብቀኛል። ሰርተፍኬት ነው፤ ላሚኔት እንዲደረግለት።